ሳሩን በነጻ፣ ቪዲዮውን በዶላር

አሜሪካ ውስጥ የሰው ግቢ ሳር በነጻ እያጨዱ፣ በክፍያ ከሚያጭዱት የበለጠ ገንዘብ የሚያገኙ ሰዎች አሉ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ሂሳቡ ግን ትክክል ነው። የቤቱ ባለቤት ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ከፋዩ ሌላ ነው። ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን የሚነካካው፣ ያንን ቤት በዕድሜው በዓይኑ የማያየው ተመልካች ነው። በትክክል እንናገር ከተባለ ደግሞ፣ ለዚያ ተመልካች ማስታወቂያ የሚያሳየው ድርጅት ነው።

ይህ ገቢ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አስቀድሞ ሳር እዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሳር የከብት መኖ ነው። የቤት ክዳን ነው። በበዓል ቀን ደግሞ ቄጠማው ወለሉ ላይ ይጎዘጎዛል። የአሜሪካ ግቢ ሳር ግን ከብት አይበላውም፣ ቤት አይከደንበትም። ይዘራል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ማዳበሪያ ይነሰነስለታል፣ ሲያድግ ታጭዶ ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የናሳ ተመራማሪዎች ጥናት፣ አገሪቱ ውስጥ እንዲህ በሳር የተሸፈነውን መሬት 160 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ብሎ ገምቶታል። የአማራ ክልልን ስፋት የሚያህል መሬት ማለት ነው። በመስኖ ከሚለማው በቆሎ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሳር መታጨድ አለበት። በብዙ ከተሞች ደግሞ የግድ መታጨድ አለበት፤ ሕግ ነውና። ከተማው ከ20 ወይም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያደገ ሳር ሲያይ ማስጠንቀቂያ ይልካል፣ ቀጥሎ ቅጣት ይጥላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያን ይህችን ደብዳቤ አያጧትም። ከከተማው ብትተርፍ ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ትመጣለች።

ቅጣቱ ቀላል እንዳይመስል አንድ እውነተኛ ታሪክ ይነሳ። ፍሎሪዳ ውስጥ ደንዲን በምትባል ከተማ የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ በሞት የተለዩአቸውን እናታቸውን የውርስ ጉዳይ ለመጨረስ ወደ ሌላ ግዛት ይሄዳሉ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2018 ነው። ሳራቸውን እንዲያጭድላቸው የሚከፍሉት ሰው በመሃል ይሞታል። ሳሩ ያድጋል። ከተማው በቀን 500 ዶላር እያለ ይቆጥራል። በመጨረሻ የቀረበላቸው ሂሳብ 30 ሺህ ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። መክፈል ስላልቻሉ ከተማው ቤታቸውን በሐራጅ ወደማስያዝ ሄደ። ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

እንግዲህ እዚያ አገር አንድ ግቢ ሳር ወርሶት ሲታይ፣ ከሳሩ ጀርባ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አለ። ባል ሞቶባት ማሽኑን የሚገፋላት ያጣች ሴት፣ ጀርባውን ታሞ የተኛ ሰው፣ ሁለት ሥራ እየሠራ ቀን የማይገኝ አባት፣ ማሽኑ ተሰብሮበት ማሠሪያ የሌለው ጡረተኛ። ጎረቤት ይህን አያውቅም፤ ወይም አውቆ ይታክታል። የሚያየው ሳሩን ነው። ስልክ ደውሎ ለከተማው ይነግራል።

የቪዲዮ ሰዎቹ የሚገቡት በዚህ ቀዳዳ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ስሙ የሚነሳው በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ «ኤስቢ ሞዊንግ» በሚል ስም የሚሠራው ወጣት ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ሳር የዋጠው ቤት ይፈልጋል፣ በር ያንኳኳል፣ «ሳርዎን በነጻ ላጭድልዎ፣ እየሠራሁ ግን እቀርጻለሁ» ይላል። ከተፈቀደለት ካሜራውን ይተክልና ይጀምራል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተከታዮች አሉት። እሱን የሚመስሉ ሌሎችም በአሜሪካ በየግዛቱ፣ በአውስትራሊያም፣ በእንግሊዝም አሉ።

ቪዲዮዎቹን ያየ ሰው ለምን እንደሚታዩ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መጀመሪያ ጉልበት የሚደርስ ሳር ይታያል። የእግረኛ መንገዱ አፈርና ሥር ለብሶ ግማሹ ጠፍቷል። ከዚያ ማሽኑ ይገባል። የስድስትና የሰባት ሰዓት ሥራ በጥቂት ደቂቃ ተፋጥኖ ያልፋል። የመንገዱ ጠርዝ በስለት ሲቆረጥ ለዓመታት ተቀብሮ የነበረው ሲሚንቶ ብቅ ይላል። የወደቀው ሳር በንፋስ መንፊያ ተጠርጎ ይሄዳል። በመጨረሻ የፊቱና የኋላው ምስል ጎን ለጎን ይቆማል። ይህን ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም። እንግሊዝኛ የማያውቅ የካይሮም የሙምባይም ሰው እኩል ይደሰትበታል። ዓለም ሁሉ በተዝረከረከበት ሰዓት፣ አንድ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲስተካከል ማየት ዕረፍት ይሰጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ።

አሜሪካ ውስጥ በመሬት ውበትና በሳር ሥራ የተቀጠረ ሰው መካከለኛ ደመወዙ በሰዓት 18 ዶላር አካባቢ ነው። የራሱ ማሽንና መኪና ያለው ደግሞ መጠነኛ ግቢ አጭዶ 50 ዶላር ገደማ ይቀበላል። ከዚያ ላይ ቤንዚኑ፣ ስለቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የመኪናው ዕዳ ይቀነሳል። ዝናብ የዘነበበት ሳምንት ገቢ የለም። ክረምቱ ሲገባ፣ ማለትም ብርዱና በረዶው ሲመጣ፣ ለወራት ሥራ የለም።

ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢን ከቪዲዮ ሠሪዎች ጋር መካፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዛሬ ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለሠሪው ይሄዳል፤ 45 በመቶውን ኩባንያው ይወስዳል። አንድ ቻናል ከዚህ ገቢ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበር እና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ጊዜ የታዩ አጫጭር ቪዲዮዎች ያስፈልጉታል። ቪዲዮው ከ8 ደቂቃ በላይ ከሆነ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል። የሳር ቪዲዮዎች ከዚያ በታች እምብዛም የማይወርዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንበልና አንድ አጫጅ ከ1,000 ዕይታ 3 ዶላር ደረሰው። ቪዲዮው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ከታየ 3,000 ዶላር ነው። ያው ግቢ በክፍያ ቢታጨድ፣ እጅግ ስለከፋ ብዙ ተጠይቆበት፣ ምናልባት ጥቂት መቶ ዶላር ያስገኝ ነበር። ያውም ባለቤቱ መክፈል ቢችል። ቪዲዮው ደግሞ አንዴ ተሠርቶ ለዓመታት ይታያል። በላዩ ላይ የማሽን አምራቾች ስፖንሰርነት ይጨመርበታል። አጫጁ ያጨደው አንድ ሳር ነው፤ የሸጠው ግን ሺህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በተለመደው ሥራ ደንበኛው የቤቱ ባለቤት ነው። በቪዲዮው ሥራ ግን ደንበኛው ተመልካቹ ነው፤ ባለቤቱና ግቢው ዕቃው ናቸው። በየሳምንቱ የሚታጨድ ንጹሕ ግቢ ለካሜራ ምንም አያወጣም፤ ማን ያየዋል? ዋጋ የሚያወጣው የተረሳው ነው። ሳሩ በረዘመ፣ ባለቤቱም በተቸገረ ቁጥር ቪዲዮው ይከብራል። ችግር ራሱ ገበያ ላይ ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

ይህን ሲሰሙ ወዲያው «እንግዲህ አስመሳዮች ናቸው» የሚሉ ይኖራሉ። ፍርዱ ችኮላ ነው። ሰውየው ላቡን አፍስሷል። ግቢው በእርግጥ ጸድቷል። ከተማው ሊቀጣት የነበረች ሴት ከቅጣት ድናለች። እባብና አይጥ ፈርቶ ልጆቹን ደጅ የማያወጣ ቤተሰብ ደጁን አግኝቷል። ከዚያም የሚያልፍ ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የዊቺታው አጫጅ የአንዲት አዛውንት ሴት ግቢ ሲያጸዳ የቀረጸው ቪዲዮ ተመልካቹን ነክቶ፣ በጎፈንድሚ በተከፈተላቸው መዋጮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተሰብስቦላቸዋል። የትኛውም መሥሪያ ቤት በዚያ ፍጥነት ያንን አያደርግም። ካሜራው ባይኖር ገንዘቡም ባልኖረ ነበር። ደግ ሥራ ከሠሪው ኪስ ገንዘብ ካልወጣበት ደግ አይባልም የሚል ሕግ የለም።

ስለዚህ ጥያቄው «ሰውየው ደግ ነው ወይስ ነጋዴ?» አይደለም። ሁለቱንም መሆን ይችላል። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እሱም ሳር ተመልሶ የሚበቅል መሆኑ ነው።

በካንሳስ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ ሳር ያድጋል። ግንቦት ላይ የታጨደ ግቢ፣ ዝናብ ካገኘ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ አጫጅ ይጠራል። ያቺ ጀርባዋን የታመመች ሴት በሁለት ሳምንት ውስጥ አትድንም። ባሏም አይነሳም። የሚያስፈልጋት በዓመት አንዴ የሚመጣ ተአምር ሳይሆን በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳያጓድል የሚመጣ ሰው ነው። ካሜራው ግን ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም፤ አጭር ሳር ሲታጨድ የሚያይ የለምና። በመንገዱ ላይ የሚቀጥለው የተረሳ ቤት ይጠብቀዋል።

ለሰው መድረስ ማለት በአብዛኛው ድግግሞሽ ነው። የታመመን ማጠብ፣ ሽማግሌን መመገብ፣ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ሳር ማጨድ። ሁሉም ነገ እንደገና ይጠብቃሉ። የቪዲዮ ገበያው ደግሞ ድግግሞሽን አይወድም። የሚከፍለው ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ለሃያኛው ቀን የሚከፍል ማስታወቂያ የለም።

ሃያኛውን ቀን የሚሠሩት እነማን ናቸው? ካሜራ የሌላቸው ናቸው።

አሜሪካ ለወቅታዊ ሥራ ከውጭ ሠራተኛ የምታስገባበት ኤች ቱ ቢ የሚባል ቪዛ አለ። በሕግ የተወሰነው መጠን በዓመት 66 ሺህ ነው፤ መንግሥት አንዳንድ ዓመት ይጨምርበታል። በዚህ ቪዛ ከሚገቡት መካከል ትልቁን ቁጥር የሚይዙት የሳርና የግቢ ሥራ ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሜክሲኳውያን። ከእነሱ ሌላ ያለ ወረቀት የሚሠሩ ብዙ አሉ። እነዚህ ሰዎች በቀን ከአሥር በላይ ግቢ ያጭዳሉ። አንድ ግቢ ላይ የሚቆዩት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ባለቤቱ ሥራ ውሎ ሲመለስ ሳሩ ታጭዷል፤ ማን እንዳጨደው አላየም። ያንን ማንም ቪዲዮ አያደርገውም።

እንዲያውም ለአንዳንዶቹ ካሜራ ገቢ ሳይሆን አደጋ ነው። ፊቱ እንዳይታወቅ የሚሠጋ ሰው ቻናል አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በካሊፎርኒያ ሳንታ አና ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ደጅ ሳር ሲያስተካክል የነበረ አትክልተኛ በድንበር ጠባቂ ወኪሎች መሬት ላይ ተጥሎ ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ አገሪቱን አዳረሰ። ሦስት ልጆቹ በአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ ያገለገሉና የሚያገለግሉ ናቸው። መንግሥት በበኩሉ ሰውየው የሳር መቁረጫውን ሰንዝሮባቸዋል ብሎ ተከራከረ። ሰውየው ሳር ሲያጭድ ለብዙ ዓመታት ኖሯል፤ ተመልካች ያገኘው ግን በዚያች ቀን ነው። ያውም በሳሩ አይደለም።

አንድ ሙያ፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ዓይነት ላብ። አንዱን ካሜራው ባለጸጋ ያደርገዋል፤ ሌላው ከካሜራ ይሸሻል። ልዩነቱ የማጨድ ችሎታ አይደለም። በር አንኳኩቶ «ልቅረጽዎ» ለማለት ቋንቋውም፣ ወረቀቱም፣ ባለቤቱ ሳይደነግጥ በር የሚከፍትለት መልክም ያስፈልጋል። እነዚህ ለሁሉም እኩል አልታደሉም።

በሩን የሚከፍተው ሰው ጉዳይም አለ። «ልቅረጽ?» ሲባል አዎ ይላል። የከተማው ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ ተለጥፎ፣ በቀን የሚቆጠር ቅጣት እየመጣ፣ እምቢ የሚል ማን ነው? የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ፈቃዱ ፈቃድ ነው፤ ግን በእኩዮች መካከል የተደረገ ስምምነት አይደለም። ሰውየው የፈቀደው ሳሩ እንዲታጨድ ነው። ሚሊዮን ሰው ቤቱን አይቶ «እንዴት እንዲህ ሆኖ ይኖራል?» ብሎ ኮሜንት እንደሚጽፍበት ያሰበበት አይመስልም። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ደግሞ አይመለስም። ሳሩ በሁለት ሳምንት ይበቅላል፤ ምስሉ ግን እንዳለ ይቆያል።

ይህ ወግ ለኢትዮጵያ ተመልካች እንግዳ አይደለም። ሳሩ ባይኖርም አሠራሩ አለ። የታመመች እናት አልጋዋ ላይ፣ ኪራይ ያልከፈለ ቤተሰብ ደጅ ላይ፣ ማይክሮፎን አፋቸው ሥር ተደቅኖ ሲያለቅሱ በየዕለቱ በዩቲዩብና በቲክቶክ ይታያሉ። እውነተኛ እርዳታ ያገኙ ብዙ ናቸው። ሕክምና ያገኘ፣ ቤት የተሠራለት፣ ልጁን ያስተማረ አለ። በስውር መስጠት በሚመሰገንበት አገር ይህ ሲጀመር ብዙ ሰው ቅር ብሎት ነበር፤ ውጤቱን ሲያይ ዝም አለ። ግን እዚህም ያው ጥያቄ ቆሟል። ካሜራው ከሄደ በኋላ በሁለተኛው ወር ያንን ቤት ማን ያንኳኳል? ከዕንባው የተገኘው የማስታወቂያ ገቢስ ስንቱ ለአልቃሿ ደረሰ? የዊቺታው ቪዲዮ ቢያንስ የሚያሳየው ሥራ ነው፤ ላቡ የቀራጩ ራሱ ነው። በአገር ቤቱ ብዙ ጊዜ ሥራውን የምትሠራው አልቃሿ ናት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቪዲዮ አይቀረጽ ማለት አያዋጣም፤ ገበያው አለ፣ ጥቅሙም አለ። ግን ጥቂት ነገሮች አስቸጋሪ አይደሉም። የቤቱን ቁጥርና የባለቤቱን ፊት መሸፈን። ፈቃድ የሚጠየቀው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ብቻ ሳይሆን ቪዲዮው ተቀናብሮ ካለቀ በኋላም እንዲሆን፤ ባለቤቱ አይቶት «ይህ ይውጣ፣ ይህ ይቅር» እንዲል። የ«እምቢ» መልስ ሳሩን እንዳያስቀር፤ ማለትም አልቀረጽም ላለ ሰውም አንዳንዴ ማጨድ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ቪዲዮው ካስገኘው ገንዘብ ላይ ያንን ግቢ እስከ ወቅቱ መጨረሻ የሚያጭድ የሰፈር ሠራተኛ መክፈል። 50 ዶላር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ቢቆጠር፣ ወደ 600 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ባለው ምሳሌ 3,000 ዶላር ካስገባ ቪዲዮ ላይ ይህ አይከብድም። አሥራ ሁለት ጊዜ የሚታጨድ ግቢ፣ ለአንድ ካሜራ ለሌለው ሰው የአንድ ወቅት ቋሚ ደንበኛ ነው። ባለቤቷም ከከተማው ደብዳቤ ታርፋለች።

ተመልካቹም ድርሻ አለው። የሚያየው ነገር ምን እንደሚቀረጽ ይወስናል። ሳሩ ሲወድቅ ብቻ የሚያይ ተመልካች፣ ሳሩ ሲወድቅ ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ ያገኛል። «ያቺ ሴት ዘንድሮስ እንዴት ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ከበዛ ግን ቀራጩ ተመልሶ በሩን የሚያንኳኳበት ምክንያት ያገኛል። ኮሜንት መጻፍ ነጻ ነው።